በስም የሚታወቅ ማሳ፦ የባለይዞታ መዝገብን በከርሰር ስለ ማንበብና ስለ ማረም

ትግራይ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ወረቀት በስፋት መስጠት የጀመረች የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ክልል ናት። ሥራው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ዘመናዊ የቅየሳ መሣሪያ አልነበረውም። የማሳው ስፋት በአካባቢው ልማዳዊ መለኪያ ይነገራል። መለኪያው በትግርኛ ፅምዲ፣ በአማርኛ ጥማድ ሲባል ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ማሳው የት እንደሚገኝ የሚገለጸው ደግሞ በካርታ ነጥብ ሳይሆን በአዋሳኞች ስም ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ዓይነት መዝገብ ውስጥ ስም ሁለት አገልግሎት አለው። የባለይዞታውን ማንነት ይናገራል፤ የጎረቤቱንም ድንበር ይጠቁማል። ስለዚህ አንድ ስም በስሕተት ሲቀየር የሚጎዳው አንድ ረድፍ ብቻ አይደለም።

እንዲህ ያለ ወረቀት ወደ የመረጃ ቋት ሲገባ የሚታረመው ብዙ ነው፤ ለማረምም ከርሰር የተባለው መሣሪያ ይዘወተራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከርሰር እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳትና መቼ እንደሚያስፈልግ፣ መቼስ እንደማያስፈልግ መለየት ነው። እውነተኛ መዝገብ የሰዎች የግል ጉዳይ በመሆኑ ምሳሌዎቹ ሁሉ ለልምምድ ከተዘጋጀ፣ ስሞቹም ከተፈጠሩ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ የተወሰዱ ናቸው። ዓምዶቹ መለያ ቁጥር፣ ጣቢያ፣ ቁሸት፣ የባለይዞታ ስም፣ ጾታ፣ ስፋትና የአራቱ አቅጣጫ አዋሳኞች ናቸው። የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስ፣ የፕሮግራሙ ቋንቋ ፓይተን ነው።

ከርሰር በላቲን ሯጭ ማለት ነው። በኤስኪውኤል ደግሞ በአንድ ጥያቄ ውጤት ላይ የሚቆም ጠቋሚ ሲሆን፣ ውጤቱን በአንድ ጊዜ በማፍሰስ ፈንታ ረድፍ በረድፍ ወይም ጥቂት ጥቂት እያለ ያቀርባል። በመጀመሪያ ጥያቄው በዲክሌር ትእዛዝ ይታወጃል፤ ከዚያ በፌች ትእዛዝ ረድፉ ይመጣል፤ ሥራው ሲያበቃ በክሎዝ ይዘጋል። በፓይተን በኩል ግን መጠንቀቅ ያሻል። ሳይኮፒጂ 2 በተባለው ማገናኛ በተለመደው መንገድ የሚከፈተው ከርሰር በስም ብቻ ከርሰር ነው፤ ውጤቱን በሙሉ ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ ይጭናል። ስም ተሰጥቶት ሲከፈት ግን በሰርቨሩ ላይ ይቀመጥና፣ መጠኑ ካልተቀየረ በቀር፣ በአንድ ጊዜ 2000 ረድፍ ያህል እያመጣ ይሰጣል። አነስተኛ ማህደረ ትውስታ ባለው ላፕቶፕ ለሚሠራ ተማሪ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ከርሰርን ለተማረ ሰው ሁሉ ነገር ረድፍ ሆኖ ይታየዋል። ጥማድን ወደ ሄክታር መለወጥ ከርሰር አይሻም። ስፋቱን በ0.25 የሚያባዛ አንድ የአፕዴት ዓረፍተ ነገር ሰንጠረዡን በሙሉ ያዳርሳል፤ ስሕተት ቢኖር በሮልባክ ይመለሳል፤ ፍጥነቱም ከርሰሩ ከሚደርስበት እጅግ ይበልጣል። ለሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ሕግ የሚሠራ ከሆነ የረድፍ በረድፍ ጉዞ ጊዜ ማባከን ነው። ከርሰር የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ቆሞ ማመዛዘን ሲያሻ፣ ውሳኔውም ከሌላ ረድፍ በሚገኝ ማስረጃ ላይ ሲመሠረት ነው። ስሞች እንዲህ ያሉ ናቸው።

የስምን ችግር የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ፍለጋ የተዘጋጀ፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያጠቃልል አጭር ፕሮግራም ነበረኝ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስቱም በአማርኛ አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ ሁሉንም ወደ ሀ ይለውጣል፤ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ወደ አ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ። ይህንኑ በከርሰር ውስጥ አስገብቼ በልምምድ ሰንጠረዡ የስም ዓምድ ላይ አሄድኩት። ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ተፈጸመ። ሓጎስ ሀጎስ ሆነ፤ ዓወት አወት ሆነች፤ ኣብርሃ አብርሀ ሆነ።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ የፊደል ምርጫ ጉዳይ ይመስል ይሆናል፤ ለትግርኛ ግን አይደለም። በትግርኛ ሀ እና ሐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ አ እና ዐም እንደዚሁ። ከዚህም በላይ በአማርኛ የተቀላቀሉት ግዕዝና ራብዕ በትግርኛ ተለይተው ይነበባሉ፤ አ እና ኣ አንድ አይደሉም። በሌላ በኩል ኀ እና ሐ፣ ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ በትግርኛም ስለሚገጥሙ እነርሱን ማቀራረብ ትርጉም አለው። ስለዚህ መቐለ ላይ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ሕግ አዲስ አበባ ላይ ለአማርኛ የተጻፈው ሕግ አጭር ቅጂ ነው፤ ሦስት ጥንዶችን ብቻ ይነካል። ሆኖም የትግርኛ ስም በአማርኛ ልማድ በሚጽፍ ጸሐፊ እጅ አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ሃጎስ ተብሎ የተመዘገበው ሓጎስ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። መጠርጠርና መለወጥ ግን ሁለት ነገር ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው አሕጽሮት ነው። በመዝገቦቻችን ገ/መስቀል፣ ወ/ሥላሴ፣ ተ/ሃይማኖት ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ገ/ አብዛኛውን ጊዜ ገብረ ነው። ወ/ ግን ወልደ ወይም ወለተ ሊሆን ይችላል፤ ተ/ም ተክለ ወይም ተስፋ። ኃ/ማርያም የሚል ረድፍና ሃ/ማርያም የሚል ረድፍ በአንድ ቁሸት ውስጥ ቢገኙ፣ አንደኛው ኃይለማርያም፣ ሁለተኛው ሃብተማርያም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን የሚለያያቸው ያቺ አንዲት ፊደል ነበረች፤ የእኔ ፕሮግራም ሁለቱንም ሀ/ማርያም አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ የሰንጠረዡ የምሥራቅ አዋሳኝ ዓምድ ማንን እንደሚያመለክት ከመረጃ ቋቱ ውስጥ ማወቅ አልተቻለም። ፊደሉ አማርኛ ቢሆንም ኖሮ ጉዳቱ አይቀርም ነበር።

መፍትሔው የተጻፈውን ስም ጨርሶ አለመንካት ነው። በሰንጠረዡ ላይ የማነጻጸሪያ ቁልፍ የሚባል አዲስ ዓምድ ተጨመረ፤ ሦስቱ ጥንዶች የተቀራረቡበት ቅጂ በዚያ ተቀመጠ። ይህንንም ለመሥራት ከርሰር አያስፈልግም፤ ትራንስሌት የተባለው ተግባር በአንድ አፕዴት ውስጥ ይበቃል። ቀጥሎ የውሳኔ ዓምድ ተጨመረ። ከርሰሩ አሕጽሮት ወይም አጠራጣሪ ሆሄ ያለባቸውን ረድፎች ብቻ ይዞ ይጓዛል። በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ የጾታውን ዓምድ ያያል፤ ወ/ ባለበት ረድፍ ሴት ከተመዘገበች ወለተን ያስቀድማል። በዚያው ቁሸት የዚህ ሰው ስም በአዋሳኝነት ሙሉ በሙሉ የተጻፈበት ሌላ ረድፍ ካለ ይፈልጋል። አንድ ብቻ ካገኘ ያንን በውሳኔው ዓምድ ይጽፋል። ሁለት ካገኘ ወይም ምንም ካላገኘ በሰው ይታይ ብሎ ያልፋል። ማለፍ መቻሉ የፕሮግራሙ ትልቁ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ማንበብና መጻፍ በመካከላቸው ጊዜ እንዳለ ልብ ይሏል። የፖስትግሬስ ተራ ከርሰር ሲከፈት የነበረውን የሰንጠረዥ መልክ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሠራተኛ ያስገባውን ለውጥ አያይም። በዚያው ሰዓት አንዲት ጸሐፊ የአንዱን ባለይዞታ ስም በወረቀቱ መሠረት አርማ ከሆነ፣ ከርሰሩ በአሮጌው ስም ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። ጥያቄው ፎር አፕዴት በሚለው ሐረግ ከተዘጋ ግን ረድፉ በፌች ሲመጣ ይቆለፋል፤ የሚመጣውም የቅርብ ጊዜ መልኩ ነው። ከዚያም ዌር ከረንት ኦፍ በሚለው አገላለጽ ከርሰሩ የቆመበትን ረድፍ ብቻ ማረም ይቻላል። ረድፉ እስከ ትራንዛክሽኑ ፍጻሜ ተቆልፎ ስለሚቆይ ሌላው ሠራተኛ መጠበቁ አይቀርም።

ሌላው ጥንቃቄ ከርሰሩ በሚጓዝበት ዓምድ ላይ አለመጻፍ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎች ሲስተም አር በተባለው የመረጃ ቋት ላይ ከ25,000 ዶላር በታች ለሚያገኙ ሠራተኞች ሁሉ የአሥር በመቶ ጭማሪ የሚሰጥ ትእዛዝ አሄዱ። ፍለጋው በደመወዝ ቅደም ተከተል ይጓዝ ስለነበር፣ የተጨመረለት ሠራተኛ ወደ ፊት ተዛውሮ እንደገና ይገኝና እንደገና ይጨመርለት ነበር፤ በመጨረሻ ሁሉም ቢያንስ 25,000 ደረሱ። ቀኑ የሃሎዊን በዓል ስለነበር ችግሩ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል። ዘመናዊ የመረጃ ቋቶች በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ይህን ይከላከላሉ፤ ነገር ግን ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ በስም ቅደም ተከተል እየቆራረጠ አንብቦ ስሙን ቢያርም ያንኑ ስሕተት በእጁ ይሠራል። ቅደም ተከተሉ በማይለወጠው መለያ ቁጥር ይሁን።

ስለ መቆራረጥ ካነሣን የመብራት ነገር ይከተላል። ከላይ የተገለጸው ፎር አፕዴት ያለበት ከርሰር የሚኖረው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ነው፤ ኮሚት ሲደረግ ይዘጋል። ከኮሚት በኋላ ከርሰርን የሚያቆይ ዊዝ ሆልድ የተባለ አማራጭ ቢኖርም ከፎር አፕዴት ጋር አብሮ አይፈቀድም። ስለዚህ ሙሉ ሥራውን በአንድ ረጅም ትራንዛክሽን ያሰረ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የሰዓታት ሥራው ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። መረጃው አይበላሽም፤ ሥራው ግን ከዜሮ ይጀምራል። መቐለ ላይ የተሻለው መንገድ ሥራውን በትንንሽ ክፍሎች መቁረጥ ነው። ከመጨረሻው የታየ መለያ ቁጥር የሚበልጡ 500 ረድፎች በፎር አፕዴት ይነበባሉ፣ ይወሰናሉ፣ የመጨረሻው ቁጥር በሌላ አነስተኛ ሰንጠረዥ ይጻፋል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ኮሚት ይደረጋል። መብራት ሲመለስ ፕሮግራሙ ያንን ቁጥር አንብቦ ከቆመበት ይቀጥላል፤ የሚጠፋው ቢበዛ የአንድ ክፍል ሥራ ነው። የረድፎቹ መቆለፍም ስለሚያጥር ሌሎች ሠራተኞች ብዙ አይጠብቁም።

በአርክጂአይኤስ የሚሠሩ አንባቢዎች ተመሳሳይ መሣሪያ በአርክፓይ ውስጥ ያገኛሉ። የማንበቢያው ከርሰር ረድፉን የማይለወጥ አድርጎ ይሰጣል፤ የማረሚያው ከርሰር በሚለወጥ ዝርዝር ይሰጥና፣ አፕዴት ሮው ካልተባለ በስተቀር ምንም አይጽፍም። ከርሰሩ በዊዝ አገላለጽ ካልታጠረ የሰንጠረዡ መቆለፊያ ሳይፈታ ሊቆይ ይችላል። ከማረሚያ ክፍለ ጊዜ ውጭ በፋይል ጂኦዳታቤዝ ላይ ከተሠራ ደግሞ ፕሮግራሙ በመሐል ቢቋረጥ የታረሙት ረድፎች እንደታረሙ፣ ያልታረሙት እንዳልታረሙ ይቀራሉ። እንዲያ ያለ ግማሽ ሰንጠረዥ ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል፤ ሳይታወቅ ወደ ሌላ ሥራ ስለሚያልፍ።

ከርሰሩ ያለፋቸውን ረድፎች በተመለከተ፣ በውሳኔው ዓምድ በሰው ይታይ የሚል የተጻፈባቸው በየቁሸቱ ተለይተው ይታተማሉ። በወረቀቱ ላይ ስሙ እንደተጻፈ፣ ያለ ምንም ማስተካከያ፣ ከአራቱ አዋሳኞቹ ጋር ይወጣል፤ ከጎኑም ባዶ ቦታ ይተዋል። ወረቀቱ ወደ ጣቢያው ይሄዳል። ኃ/ማርያም ማን እንደሆነ በምሥራቅ በኩል የሚያርሰው ጎረቤቱ ያውቃል፤ የሚናገረው ስም በተናገረው ድምፅ፣ በትግርኛ ሆሄ ተጽፎ ይመለሳል።