የአጽም ጡንቻ ካንሰር በውሻና በሰው፦ መልክ ሲመሳሰል ባሕርይም ይመሳሰላልን?

ራብዶማዮሳርኮማ የአጽም ጡንቻን መልክ ለመያዝ የጀመሩ፣ ነገር ግን እድገታቸውን ያልጨረሱ ህዋሳት ያለ ልክ በመባዛት የሚፈጥሩት አደገኛ ዕጢ ነው። በሕፃናት ላይ ከሚታዩት የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ካንሰሮች መካከል በብዛቱ ቀዳሚ ሲሆን፣ በአዋቂዎች ላይ ግን እምብዛም አይታይም። ይኸው በሽታ በውሾችም ላይ የሚከሰት ሲሆን፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከሰው ሕክምና የተዋሱትን ምደባ በመከተል ኤምብሪዮናል፣ አልቪዮላርና ፕሊዮሞርፊክ በማለት ይከፍሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የስም ውሰት እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ መመርመር ነው።

በቅድሚያ አንድ አሳሳች ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የጡንቻ ካንሰር ሲባል አንባቢ ጭንና ክንድን ሊያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ በሕፃናት ላይ በሽታው በብዛት የሚነሣው ከራስና ከአንገት አካባቢ እንዲሁም ከሽንትና ከመራቢያ አካላት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሽንት ፊኛ የአጽም ጡንቻ የለውም። በውሻም የሽንት ፊኛ፣ ማንቁርትና ምላስ የታወቁ መነሻዎች ናቸው። በአንጻሩ በውሻ ጭን ጡንቻ ውስጥ የተገኘ እብጠት ተመርምሮ ከደም ሥር የሚነሣ ሄማንጂዮሳርኮማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ስሙ የተሰጠው በዕጢው ሥፍራ ሳይሆን በህዋሱ ማንነት ነው።

በሁለቱ ፍጡራን መካከል ያለው መመሳሰል ጎልቶ የሚታየው ቦትሪዮይድ በተባለው የኤምብሪዮናል ዓይነት ላይ ነው። ዕጢው የወይን ዘለላ መስሎ ወደ ፊኛው ክፍተት ያድጋል። በሰው በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሲያጠቃ፣ በውሻ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች፣ በተለይም ሴንት በርናርድ የተባለውን ዝርያ ያጠቃል። ደም የቀላቀለ ሽንት የጋራ ምልክታቸው ነው። በውሻ ላይ አንዳንድ ጊዜ የእግር አጥንቶች ዙሪያቸውን አዲስ አጥንት አብቅለው እግሮቹ ሁሉ ያብጣሉ። በዚህም የተነሣ እግሩን ብቻ የመረመረ ሐኪም ፊኛውን ሊዘነጋው ይችላል።

በሰው ኤምብሪዮናል ዕጢ በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ እድገትን የሚያፋጥነው የአይጂኤፍ2 ጂን የሚገኝበት ክፍል ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይገኛል። በውሾች ደግሞ የአካልን መጠን ከሚወስኑት ጂኖች አንዱ አይጂኤፍ1 መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ታውቋል። በፍጥነት የሚያድግ ቡችላና ይህ ዕጢ የሚዛመዱት በዚህ መንገድ ይሆን? ይህ የጸሐፊው ግምት እንጂ ግኝት አይደለም።

ወደ አልቪዮላር ስንሻገር ግን መመሳሰሉ ይላላል። በሰው ከአልቪዮላር ዕጢዎች 80 በመቶ በሚያህሉት ውስጥ በ2ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ፓክስ3 ወይም በ1ኛው ላይ ያለው ፓክስ7 በ13ኛው ላይ ካለው ፎክስኦ1 ጋር ተቀላቅሎ አንድ ውሁድ ጂን ይፈጥራል። ይህ ውሁድ ጂን የሌለው አልቪዮላር ዕጢ መልኩ አልቪዮላር ቢሆንም ጠባዩ ወደ ኤምብሪዮናል ያደላል። በመሆኑም ዛሬ የሕፃኑን የአደጋ ደረጃ ለመወሰን ከማይክሮስኮፕ መልክ ይልቅ የጂኑ መኖር አለመኖር ይበልጥ ይታመናል። መልክ በራሱ በሰው ዘንድ እንኳ እንዲህ የሚያታልል ከሆነ፣ የክሮሞሶሞቹ ቁጥር 39 ጥንድ፣ የጂኖቹም አሰላለፍ ከሰው የተለየ በሆነው በውሻ ላይ አልቪዮላር የሚለውን ስም አይቶ ስለ በሽታው አካሄድ መተንበይ አግባብ አይመስለኝም።

በምርመራ ረገድ ችግሩ የጋራ ነው። ህዋሳቱ ትንንሽ፣ ክብና ሰማያዊ ሆነው ስለሚታዩ ከሊምፎማና ከሌሎች ዕጢዎች ጋር ይምታታሉ። ዴስሚን የተባለው ፕሮቲን በለስላሳ ጡንቻ ዕጢም ስለሚገኝ ብቻውን አይበቃም፤ ማዮጄኒንና ማዮዲ1 መታየት አለባቸው። እነዚህን ማቅለሚያዎች ማግኘት በማይቻልበት ሥፍራ ምን እንደሚሆን በሥልጠና ላይ ሳለሁ አይቻለሁ። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ዓይኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ሲሄድ ለኢንፌክሽን በተሰጠ መድኃኒት ሁለት ወር ቆየ። ናሙናው ሲወሰድም ውጤቱ “ክብ ህዋሳት ያሉት ዕጢ” ከማለት አላለፈም። ከዓይን ጎድጓዳ የሚነሣው ራብዶማዮሳርኮማ ግን በጊዜ ከታወቀ ከሁሉም ይልቅ ተስፋ ያለው ነው።

ሕክምናን በሚመለከት ንጽጽሩ ሚዛን የለውም። ሕክምናው በሚገኝባቸው አገሮች በሽታው ካልተሰራጨባቸው ሕፃናት ከ70 በመቶ የማያንሱት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ፤ ሲታወቅ ተሰራጭቶ ከተገኘ ግን ቁጥሩ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል። ቪንክሪስቲን፣ አክቲኖማይሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ጋር ተቀናጅተው ለዚህ ያበቁት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የብዙ ሆስፒታሎችን ሕመምተኞች አንድ ላይ ያሰባሰቡ ጥናቶች ስለተካሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአውሮፓ ጥናትም ከፍተኛ አደጋ ላለባቸው ሕፃናት ከመደበኛው ሕክምና በኋላ የስድስት ወር ቀላል ኬሞቴራፒ ሲጨመር በአምስት ዓመት በሕይወት የተገኙት ከ73.7 ወደ 86.5 በመቶ ከፍ ማለታቸውን አሳይቷል።

ስለ ውሾች ያለው መረጃ በአብዛኛው የነጠላ ሕመምተኞች ዘገባ ነው። ብዙዎቹም ምርመራው እንደተጠናቀቀ ስቃያቸውን ለማሳጠር እንዲሞቱ ስለሚደረግ፣ ካልታከመ ውሻ ዕድሜ ተነሥቶ ስለ በሽታው ክፋት መናገር ያሳስታል። በአጥንት ካንሰር ነገሩ ሌላ ነው፤ በውሻ ላይ ስለሚበዛ፣ በ1980ዎቹ አስቀድሞ በውሾች የተሞከረው ሚፋሙርታይድ እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ ለሰው ተፈቅዷል። በራብዶማዮሳርኮማ ግን እስካሁን ዕውቀቱ የሚፈሰው ከሕፃናት ወደ ውሾች ነው። ይህ እንዲለወጥ ከተፈለገ ከታመመው ውሻ የሚወሰደው ናሙና በፎርማሊን ብቻ ሳይሆን ለጂን ምርመራ በሚያመች መንገድም ሊቀመጥ ይገባል።