አባባ ዳኑ፤ ታዲያ ለምን ዘጋቸው?

መቼም አዛውንት ከሆስፒታል የወጡ ሰሞን ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የዕድሩ ሰው «እግዜር ይማርዎ» እያለ ይጎርፋል። ጠረጴዛው በብርቱካንና በሙዝ ይሞላል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ጭር! ልጆች ወደ ሥራና ትምህርት፣ አዛውንቱ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው...

የሰፈራችን አንድ አባት (ስማቸው ይቆየን) ዳሌያቸው ተሰብሮ ታክመው ወጡ። ስብራቱ ገጠመ። እሳቸው ግን ሬዲዮ መክፈት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ቀርቶ በረንዳ መውጣት እምቢ! ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ገበታውን ይገፋሉ። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» አለ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ እርጅና በአንድ ወር ዱብ አይልም!

አዛውንት ሲደበሩ የግድ አያለቅሱም። ምግብ ያስጠላቸዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሉ፣ «ወገቤን፣ ራሴን» ይላሉ፣ የሚወዱትን ነገር ይተዋሉ። ይህ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ይየው፤ ድብርት በሽማግሌም ላይ ይታከማል። ድብርት ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ትዝ የሚለው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ያከማቸው ሐኪም ዘንድ ሄዶ መናገርም አንድ ነገር ነው።

ሆስፒታሉ ራሱ ሰውን ያደክማል። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሃርላን ክሩምሆልዝ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ በሽተኛው ተኝቶ ሳለ ያጣው እንቅልፍና ምግብ፣ አልጋ ላይ መዋሉና ጭንቀቱ ተደማምረው ከወጣም በኋላ ለሳምንታት ያንገዳግዱታል።

አንድ ነገር ግን ለዩ! በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ልጃቸውን መለየት ካቃታቸው፣ ቀንና ሌሊት ከተምታታባቸው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ካንቀላፉ ይህ ድብርት ላይሆን ይችላል። ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይም መድኃኒት ያመጣዋል። ነገ አይባልም፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት! ከጎረቤት የተበደሩትን የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ አታስውጧቸው፤ ያዞራል፣ ይጥላል።

«ሞት ይሻለኛል» ካሉስ? «ኧረ እንዲህ አይበሉ!» ብላችሁ አትዝጉባቸው። ምን እንዳሰቡ በግልጽ ጠይቋቸው፤ ብቻቸውን ሳትተዉ ለሐኪም ንገሩ።

ቤት ውስጥ መነጽራቸውን አቀብሏቸው። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጧቸው። ምስር ልልቀም ካሉ «አርፈው ይቀመጡ» አትበሏቸው፣ ይልቀሙ! ጠያቂዎችም እባካችሁ፣ ሁላችሁም በመጀመሪያው እሁድ አትሩጡ። ሦስተኛውን ሳምንት ተከፋፈሉት፤ ስትሄዱም የማን ዘመድ በምን እንደሞተ አታውሩባቸው።