ደብተሩ ላይ የሌለው ደሞዝ

ባለፈው ሳምንት ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ስንጠጣ ስልኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። ከላንቴና ከጫኖ ሙዝ እየሰበሰበ አዲስ አበባ ይልካል። ዘንድሮ በሳምንት ከአንድ አይሱዙ ወደ ሦስት ደርሷል፤ እንቅልፉ ደግሞ ወደ አራት ሰዓት ወርዷል። ሐኪም ደም ግፊት አለብህ ካለው ወር አልሞላውም። ዕድሜው 28 ነው።

ሙዝ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ጥሬውን ይቆረጣል፣ ይጫናል፣ ሳይበስል መድረስ አለበት። «ስልክህን አጥፋና ተኛ» የሚል ምክር እዚህ አይሠራም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ (አንዳንዴ ይጠቅማል) ደብተሩን አየሁለት። ነዳጅ፣ ጫኝ፣ ደላላ ተጽፏል። የራሱ ደሞዝ የለም። ቴሌግራም ላይ የምትሸጡ ልጆች፣ እናንተ ደብተር ላይስ አለ?

«ለሌሊቱ ሥራ ሰው ብትቀጥር ስንት ትከፍላለህ?» አልኩት። አሰበና ቁጥሩን ጻፈው። ከሦስተኛው መኪና ትርፍ በለጠ።

ዝም አለ። አሥረኛው ስልክ ሲመጣ አየውና ስክሪኑን ደፋው።

«የሐሙሱን ልተወው መሰለኝ» አለ። ሦስተኛው መኪና የሚጫነው ሐሙስ ነው።