ከብቱ ከወጣ በኋላ፦ የጋጣው ወለልና የእንጨቱ ግድግዳ

ከዓባይ በረሓ ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው በብቸናና በሞጣ ደጋ፣ የገበሬው ቤት ከጥንት ጀምሮ ሰውንና ከብትን በአንድ ጣራ ሥር ሲያኖር ኖሯል፤ በአንድ ወገን ጋጣው፣ በሌላው ወገን ምድጃውና መደቡ፣ ከጋጣው በላይም ልጆች የሚያድሩበት ቆጥ ነበረ። ይህን ሥርዓት ካለማወቅ የመጣ ጉስቁልና ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ዳሩ ግን በሬና ላም ሌሊቱን ሙሉ ከገላቸው የሚያወጡት ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ መኝታውን ያሞቅ ስለ ነበር፣ አበው አስበው የሠሩት መሆኑን መካድ አይገባም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተዳረሰው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከፓኬጆቹ መካከል ስለ ጤናማ ቤት ሲያስተምር፣ ከብት ከሰው መኖሪያ ይለይ ይላል፤ ቁንጫንና ተላላፊ ደዌን የሚያርቅ ነውና ትምህርቱ እውነት ነው። ከብቱ ሲወጣ ግን ሙቀቱም አብሮ ይወጣል። ባዶ የቀረው ጋጣ በእንጨት ግድግዳ ተከፍሎ መኝታ ቤት ሲሆን፣ ከብት ይሰጥ የነበረውን ሙቀት ከእንግዲህ መጠበቅ ያለበት ወለሉ ነው፤ ወለሉም ይህን ማድረግ የሚችለው ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው።

የጋጣ መሬት እንደ ሌላው መሬት አይደለም። ለብዙ ዘመን የጠጣውን ሽንት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት ናይትሬት ወደሚባል ጨው ይለውጡታል፤ በአውሮጳ በቀደመው ዘመን ለባሩድ የሚሆን ጨው ከጋጣ አፈር እየተነጠረ ይወጣ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጨው ከምድርም ከአየርም ርጥበት የመሳብ ባሕርይ ስላለው፣ አፈሩ ሳይወጣ በላዩ የሲሚንቶ ሊሾ ማፍሰስ፣ ምንም እንኳ ለጊዜው ንጹሕና የሚያምር ቢመስል፣ የገንዘብ ብክነት ነው፤ ሽቅብ መውጫ ያጣው ርጥበት ወደ ዳር ሸሽቶ የእንጨቱን ግድግዳ ይወጣልና።

ከአሮጌ ቤት የተነቀለ የባሕር ዛፍ ቋሚ አገላብጦ ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ጣራውን የተሸከመው ጫፍ ደኅና ነው፤ በጥልቁ የተቀበረውም እምብዛም አልተነካም፤ በመሬቱ ልክ፣ ስንዝር በማይሞላው ቦታ ግን እንጨቱ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃንም አየርንም አብሮ ስለሚሻ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ይመርጣል። ወይራና ጥድ ይህን ለረጅም ጊዜ ይቋቋሙ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሥሩን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ዕድሜውን ቢያስረዝምለትም አያድነውም።

ስለሆነም ክፍል የሚለየው ግድግዳ በቀጥታ በአፈር መቆም የለበትም። የምሥራቅ ጎጃም ዋልካ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ቤትን የሚያናጋ በመሆኑ፣ ቦዩ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች እስከ ጽኑ መሬት ይቆፈራል፤ የድንጋዩ መሠረት ከወለሉ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፤ በላዩ ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ከዚያም አግዳሚ ግንድ ተጋድሞ ቋሚዎቹ በእርሱ ላይ ይቆማሉ፤ ማገሩና ምርጊቱ ይከተላል። ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ የቆመውና በፋሺስት ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ፈረሰ ሰባራ ድልድይ የተባለው ድልድይ ተሠራበት የሚባለው የዐፄ ፋሲለደስ ዘመን (1624–1660 ዓ.ም.) ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ጥበብ የሠለጠነበት ነበር፤ ኖራም ርጥበትን በውስጡ ሳያፍን እንዲተን ስለሚያደርግ፣ ለእንጨት ጎረቤት ለሚሆን መሠረት ከሲሚንቶ ይልቅ የሚስማማው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወለሉን በሚመለከት፣ አስቀድሞ የጋጣው አፈር ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ተቆፍሮ ይወጣል። በምትኩ ደቃቅ የሌለበት ድንጋይና ጠጠር ይሞላል፤ በጠጠሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰፊ ስለሆነ ውሃ ሽቅብ ሊሳብበት አይችልም። በላዩ ላስቲኩ፣ ከዚያ ሙቀት ጠባቂው ንጣፍ፣ በመጨረሻም ሊሾው ይሆናል። በሀብታሞቹ አገሮች ጋጣቸውን መኖሪያ የሚያደርጉ ሰዎች ለዚህ ንጣፍ ፎም ይጠቀማሉ፤ በእኛ አገር ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ በኖራ ተለውሶ ይህንኑ ሊሠራ ይችላል። ሙቀትን የሚይዘው በቀዳዳው ውስጥ የረጋው አየር ነው፤ ውሃ ግን ሙቀትን ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ የረጠበ ንጣፍ ዝናብ እንደመታው ጋቢ ለባሹን ያበርደዋል። ንጣፉ በግድግዳው መሠረት አጠገብ እንዳይቋረጥ፣ በድንጋዩ ጎንም ጥቂት ሽቅብ እንዲታጠፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህ ከታለፈ ብርዱ በዚያች ክፍተት ይገባል፤ በዚያው መስመር የሚጠራቀመው ጤዛም ተመልሶ የግንዱን ሥር ያበሰብሳል።

ቁፋሮው አዝመራ እንደተሰበሰበ ቢጀመርና ጉድጓዱ የበጋውን ፀሐይና ነፋስ እየጠጣ ቢቆይ፣ ሊሾው ከሰኔ በፊት ለመፍሰስ ይደርሳል። ከጋጣው የወጣው ጥቁር አፈርም ለቤት ጠንቅ ቢሆንም ለጓሮ ማዳበሪያ ነውና፣ ከክረምቱ ዘር አስቀድሞ በጎመኑና በበርበሬው መደብ መበተን አለበት።