በአብነት ትምህርት ቤቶች የእከክ በሽታን ስለ መመርመርና ስለ ማከም

በአብነት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ከሚያውኩ ሕመሞች ብዙዎቹ በዐይን የሚታዩና በቀላል መድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ጭርት፣ ቅማልና የአንጀት ትላትል ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ሰበካ ጉባኤያትን ደጋግሞ የሚፈትነው እከክ ነው።

የእከክ ተባይ ቆዳን ቦርቡራ እንቁላሏን የምትጥል እጅግ ጥቃቅን ፍጥረት ስትሆን፣ በአንድ ጎጆ ተጠጋግተው በሚያድሩ ልጆች መካከል በፍጥነት ትዛመታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ልጅ ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያው ሳያውቅ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል። ስለዚህ የሚያክከውን ልጅ ብቻ ማከም ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ምርመራው የኔታን በማስፈቀድ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር፣ በወር አንድ ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። የጣቶች መካከል፣ የእጅ አንጓ፣ ብብትና ወገብ ይታያሉ፤ ልጁ በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር ለብቻው ይታይ።

ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ማታ ይቀባል፤ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የጎጆው ነዋሪዎች ሁሉ፣ የኔታም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይቀባሉ። ጠበል የሚጠመቅ ተማሪ ቅባቱ ሰዓቱን ከፈጸመ በኋላ ይጠመቅ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አስቸጋሪው ደበሎው ነው። ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ ደበሎ ግን በፈላ ውኃ ይበላሻል። ተባይዋ ከሰው ገላ ተለይታ ብዙውን ጊዜ ከ3 ቀን በላይ ስለማትቆይ፣ ደበሎውን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ አስሮ አንድ ሳምንት ማቆየት ይበቃል። በዚያ ሳምንት ልጁ ምን ለብሶ ይደር? ብርድ ልብስ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ ልጁ ብርዱን ፈርቶ ከረጢቱን ይፈታል፤ በዚህም ልንወቅሰው አይገባም። ስለዚህ ኮሚቴው ከመድኃኒቱ በፊት ብርድ ልብሱን ያሰባስብ።

ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ያለ ባለሙያ ምክር ቅባት አይደጋገም። ነገር ግን ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ በተለይም የልጁ ፊት ካበጠ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ፣ በቁስሉ የገባው ተሐዋስ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አዲስ የመጣ ተማሪም ጎጆ ከመመደቡ አስቀድሞ ይታይ።