የጠራ ሰማይ፣ ድንችና ጎመን

እናንተዬ፣ ውርጭ እንዴት እንደሚሠራ ገባኝ! ይህን ነገር ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። በተለይ እናንተ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤና ካራ ድረስ በጓሯችሁ ጥቂት መደብ ድንችና ጎመን ያላችሁ ሰዎች ካልሰማችሁት ይቆጨኛል።

እንቆቅልሹ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ቀኑን ሙሉ ከላያችን የማይወልቀው ጃኬት። ሌሊቱን ብቻ ነጥለን ካየን ግን የዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊቶች የሚመጡት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። በማግስቱ ጠዋት የድንቹ ቅጠል ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ይገኛል። ስልካችሁን ከፍታችሁ ብታዩ ደግሞ ሌሊቱ የወረደው እስከ 3 ዲግሪ ብቻ ነበር ይላችኋል። ውሃ የሚረጋው ዜሮ ላይ ነው። ታዲያ ቅጠሉ ላይ በረዶ ከየት መጣ?

መልሱ ያለው ማድ ቤት ነው። እንጀራው ተጋግሮ አልቆ፣ እሳቱ ጠፍቶ፣ ምጣዱ ገና እንደጋለ መዳፋችሁን ከጎኑ ዘርጉ። እንዳትነኩት! ሙቀቱ ይሰማችኋል አይደል? የሞቀ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከጎን እጃችሁን ያገኘው አየሩ አይደለም። ከምጣዱ የሚወጣ፣ ዓይን የማያየው የሙቀት ጨረር ነው። አሁን አክንባሎውን ክደኑበት። ወዲያው ቀነሰ! አክንባሎው ምንም እሳት የለውም፤ ምጣዱን አላሞቀውም። የጨረሩን መንገድ ዘጋበት፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ጨረር የሚለቀው የጋለ ነገር ብቻ አይደለም። ድንጋዩም፣ ግድግዳውም፣ እኔና እናንተም፣ የድንቹ ቅጠልም ሁላችን እንለቃለን። ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ሲሰድ ያድራል። ከላዩ ደመና ካለ ደመናውም የራሱ ሙቀት ስላለው ወደ ታች ይመልስለታል፤ ወጪና ገቢው ይቀራረባል። የሐምሌ ሌሊት ያን ያህል የማይከፋው ለዚህ ነው። ኅዳር ላይ ግን ደመናው የለም። አየሩም ደርቋል፤ ሙቀት ተቀብሎ የሚመልሰው በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ነበር፣ እሱም ሳስቷል። ቅጠሉ ይሰጣል፣ ይሰጣል፣ የሚመልስለት ግን ጥቂት ነው። አይገርምም? ቅጠሉን የገደለው ከውጭ የመጣ ብርድ መስሎን ነበር፤ ለካ የራሱ ሙቀት ነው ወደ ጠፈር ያመለጠው!

ይህ ሲገባኝ የስልኩ 3 ዲግሪም አብሮ ተፈታልኝ። ስልኩ የሚነግረን ጣቢያ የሚለካውን ዓይነት የአየር ሙቀት ነው፤ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ደግሞ ቴርሞሜትሩን የሚያስቀምጠው ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ፣ ነጭ ቀለም በተቀባና አየር በሚያሳልፍ ሳጥን ውስጥ ነው። ጣሪያ አለው ማለት ነው። ቅጠሉ ጣሪያ የለውም። ሰማዩን ፊት ለፊት የሚያይ ቅጠል በዙሪያው ካለው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ሳጥኑ ውስጥ 3 ዲግሪ ሲነበብ መሬት አጠገብ ያለው ቅጠል ከዜሮ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ይህን በሙከራ ያሳየው ዊልያም ቻርልስ ዌልስ የሚባል ለንደን ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። ስለ ጤዛ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። የሙከራው ቅለት ራሱ ያስደስታል! አትክልት ቦታ ውስጥ አንድ ሳንቃ ከመሬት ከፍ አድርጎ አቆመ። እኩል የተመዘነ ሱፍ አንዱን ከሳንቃው ላይ፣ ሌላውን ከሳንቃው ሥር አደረገ። ሲነጋ መልሶ መዘናቸው። ሰማዩን ሲያይ ያደረው ሱፍ ጤዛውን ጠጥቶ ከብዷል፤ ከሥር ያደረው የያዘው ትንሽ ብቻ ነው። የቀዘቀዘ ነገር ነው ጤዛ የሚይዘው፤ የቀዘቀዘውም ሰማዩን ያየው ነው። ዌልስ ከዚያ በፊት አትክልተኞች ብርድ የማይችል ተክል ላይ ስስ ሰሌን ሲዘረጉ እያየ ፈገግ ይል እንደነበር ጽፏል፤ እንዲህ የሳሳ ነገር ምን ብርድ ይመልሳል ብሎ። በኋላ ግን የሰሌኑ ሥራ ሰማዩን መጋረድ መሆኑ ተገለጠለት። እኔ ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

የሰፈራችን እናቶች ዌልስን ሳያነቡ ያውቁታል። አንዲት ጎረቤቴ በኅዳር ማታ ማታ አራት እንጨት ተክለው በችግኛቸው ላይ የቃጫ ጆንያ ይወጥራሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይገልጡታል። «እማማ፣ ላስቲክ አይሻልም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ላስቲክ ሥር ያደረው አለቀብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ምክንያቱን ሳገኘው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያ ስስ ላስቲክ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሁሉ የማይታየውን የሙቀት ጨረርም ያሳልፋል። ለቅጠሉ ጣሪያው ክፍት እንደሆነ ቀረ። ጆንያው ግን ይይዝለታል። ጆንያውን በእንጨት ከፍ ማድረጋቸውም ልክ ነው፤ ቅጠሉን የነካ ልብስ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉንም ይዞት ይቀዘቅዛል። ዛፍ ሥር ያለ መደብም በዚሁ ምክንያት ይተርፋል። ቅርንጫፉ ሰማዩን ከልሎለታል።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። የእንጦጦ ሸንተረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ዝቅ ብለው ያሉት ሰፈሮች ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ያንሳሉ። በየ100 ሜትሩ ስንወጣ አየሩ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ጣይቱና ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው እ.ኤ.አ. በ1886 ፍልውኃ አጠገብ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከገፏቸው ነገሮች አንዱ የተራራው ብርድ ነበር። እንግዲህ ውርጭ የሚበረታው ላይ ላይ ነው ብለን እንጠብቃለን።

የጠራና ነፋስ የሌለው ሌሊት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል! መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሰድዶ ሲቀዘቅዝ የነካውን አየር ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው። ከባድ ነገር ደግሞ ቁልቁል ይሄዳል። ከእንጦጦ ጎን ይነሣል፣ በየሸለቆው ይገባል፣ የቀበናን ወንዝ ይዞ ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ወይም መንገዱን የሚዘጋ ግንብ ሲያገኝ እዚያው ይጠራቀማል። ስለዚህ ተዳፋት መሐል ላይ ያለ ጓሮ ከሥሩ ወንዝ ዳር ካለው ጓሮ ሞቅ ብሎ ሊያድር ይችላል። ከተራራው ማዶ የሱሉልታን ሜዳ አስቡት፤ ከሸንተረሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ከዙሪያው የወረደው ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት እሱ ነው። ጓሯችሁ ተዳፋት ሆኖ በታችኛው ጫፍ የግንብ አጥር ካለው፣ ግንቡ ሥር ያለውን የዝናብ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ አትድፈኑት። ብርዱም የሚወጣው በዚያው ነው።

መሬቱ ራሱ ሌላ ድንቅ አለው። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት መልሶ ይሰጣል፤ እርጥብ አፈር ደግሞ ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል፣ ከውስጥ ወደ ላይም ቶሎ ያደርሳል። ስለዚህ ውርጭ የሚያሰጋ ቀን ከሰዓት በፊት መደቡን ማጠጣት ይረዳል። ጉዝጓዝስ? እኔ ጉዝጓዝ አፈሩን ስለሚያለብስ ለብርድ ደግ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያስበው። አስቡት ግን። ገለባው አፈሩን ካለበሰው የቀኑ ሙቀት ወደ አፈሩ አይገባም፣ ሌሊትም ከአፈሩ ወደ ቅጠሉ አይወጣም። ሥሩ ተመቸው፣ ቅጠሉ ግን ከአፈሩ የሚያገኘውን ሙቀት አጣ! በኅዳር የድንቹን ሥር ከገለባና ከአረም ገልጦ ማሳደር ይሻላል። ጭስ ማጨስ ደግሞ እንደሚወራለት አይደለም። የጭሱ ብናኝ በጣም ደቃቅ ስለሆነ የሙቀት ጨረሩን ያን ያህል አያግደውም፤ የሚረዳ ነገር ካለ የእሳቱ ሙቀት ነው።

እስካሁን ያየነው ቅጠሉ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ነው። ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል? ብዙውን ጊዜ በረዶው የሚጀምረው ከሕዋሳቱ ውጭ፣ በመካከላቸው ባለው ቀጭን ክፍተት ነው። የረጋው በረዶ ከየሕዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያድጋል። ሕዋሱ ይጨማደዳል፣ ስስ ሽፋኑ ይጎዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያቀልጠው ውሃው እንደፈሰሰ ይቀራል። የጠቆረውና የተልፈሰፈሰው ቅጠል እንግዲህ ውርጭ ቢያገኘውም የሞተው በውሃ ጥም ነው ማለት ይቻላል።

ይህንም ስሙ። ንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ወዲያው አይረጋም፤ በረዶው የሚጀምርበት መነሻ ይፈልጋል። ቅጠል ላይ የሚኖር ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ገላው ላይ ያለው ፕሮቲን የውሃ ቅንጣቶችን አሰልፎ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ በረዶ ያስጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህ ፕሮቲን የተነሣበትን ዓይነት በእንጆሪና በድንች ማሳ ላይ ረጭተው ሞከሩት። በዓይን የማይታይ ፍጡር ውርጭ ይጠራል!

አሁን ወደ ልቤ ወደገባው ነገር ልምጣ። አንድ መደብ ላይ ድንችና ጎመን ጎን ለጎን ናቸው። ሰማዩ አንድ፣ አፈሩ አንድ። ድንቹ ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ላይ ያልቃል። ጎመኑ ግን ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ ይዞ፣ ደርቆ ቀጥ ብሎ ያነጋል፤ ፀሐይ ሲነካው ይለሰልስና አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። ለምን?

ጎመኑ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል! የጥቅምት ሌሊቶች መቀዝቀዝ ሲጀምሩ፣ ገና ምንም ሳይረጋ፣ ተክሉ ብርዱን ያውቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕዋሳቱ ስኳር ማጠራቀም ይጀምራሉ፤ ስስ ሽፋናቸውም በብርድ እንዳይጠጥር ቅባቱን ይለውጣል። ስኳሩ ውሃውን ከመርጋት ትንሽ ያዘገየዋል፤ ከዚያ ይልቅ ግን በረዶው ውሃ ሲስብ ሕዋሱ ባዶ እንዳይቀር ይዞለት ይቆያል፣ ሽፋኑንም ይጠብቃል። የኅዳር ጎመን ሲቀቀል ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው። ስትበሉት የምትቀምሱት ያንን የብርድ ስንቁን ነው!

የምንበላው ድንች ይህን ማድረግ አይችልም። ብርዱን ያያል፣ አይዘጋጅም። በደቡብ አሜሪካ ያሉ አንዳንድ የዱር ዘመዶቹ ግን ይችላሉ፤ አዳቃዮች ያንን ችሎታ ወደ ማዕድ ድንች ለማምጣት ይደክማሉ። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ ሺምፐር እጅ እንደሆነ ይነገራል፤ ውርጭ የማይችል ተክል ደጋችንን ይህን ያህል መልመዱም ያስገርማል። ገብስ ደግሞ ገና ሣር ሳለ ብርዱን ይችላል፣ አበባው ላይ ግን ደካማ ነው። የደጋ ገበሬን ክረምቱ ዘግይቶ የገባበት ዓመት የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ ዘግይቶ የተዘራው አበባው ላይ ሳለ ኅዳር ይደርስበታል።

ጎመኑም ቢሆን ካልተለማመደ አይችልም። ቤት ውስጥ ሙቀት ላይ ያደገ ችግኝ በኅዳር አውጥታችሁ በአንዴ ብትተክሉት ስንቁን ሳይሰንቅ ውርጩ ያገኘዋል። አንድ ሁለት ሳምንት ቀን ደጅ፣ ሌሊት በረንዳ ጣሪያ ሥር ይዋል ይደር፤ ከዚያ ይተከል።

እንግዲህ የዌልስን ሙከራ አብረን እናድርገው። ኅዳር ሲገባ፣ ሰማዩ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለበት ማታ ምረጡ። እኩል የሆነ ሁለት ጭብጥ ደረቅ ጥጥ ውሰዱ፤ አንዱን ደጅ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ጠረጴዛው ሥር በጡብ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሲነጋ ፀሐይ ሳይነካቸው ጨመቅ ጨመቅ አድርጓቸው፤ የቡና ሚዛን ያላችሁ መዝኗቸው። ካራ ላይ ያላችሁ፣ ቀበና ዳር ያላችሁና ዛፍ ሥር የምትኖሩ በአንድ ማታ ብናደርገው የቱ ጓሮ ጆንያ እንደሚያስፈልገው ከድንቹ በፊት እናውቃለን።