ስዊድን ሄዶ ማስተርስ ለመማር ምን ያስፈልጋል?

“ስዊድን ትምህርት በነጻ ነው” የሚለው ወሬ ዛሬም ይነገራል። ድሮ እውነት ነበር። ከ2011 እ.ኤ.አ. መኸር ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ኅብረትና ከአጋር አገሮቹ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች ይከፍላሉ። ዴንማርክ ክፍያውን በ2006 ጀምራለች፤ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ ደግሞ በ2023 ተከትለዋል። ስለዚህ የዛሬ አመልካች ሁለት ነገር ቀድሞ ማወቅ አለበት፦ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና የትኛው ጉዳይ የትኛውን እንደሚቀድም።

ማመልከቻ

ለየዩኒቨርሲቲው በተናጠል ማመልከት የለም። ሁሉም የሚስተናገዱት ዩኒቨርሲቲ አድሚሽንስ በሚባለው አንድ ድረ ገጽ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ለሚጀምረው ትምህርት ማመልከቻው ጥቅምት መጀመሪያ አካባቢ ይከፈትና ጥምቀት ሳይደርስ ይዘጋል። አመልካቹ እስከ አራት የማስተርስ ፕሮግራሞች መርጦ በቅደም ተከተል ይደረድራል። አንደኛው ላይ ካለፈ ከሥሩ ያሉት ይሰረዙበታልና በጣም የሚፈልገውን ከላይ ማድረግ አለበት። የማመልከቻው ክፍያ 900 የስዊድን ክሮኖር ነው፤ አይመለስም።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ ይጠይቃሉ። በአይኤልትስ ፈተና የተለመደው መስፈርት በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉም ከ5.5 ያላነሰ ነው። ዲግሪና ትራንስክሪፕት ደግሞ የግድ ናቸው። የወጪ መጋራት ዕዳ ስላለበት ኦርጅናል ዲግሪውን ያልወሰደ ሰው ይህን ጉዳይ መስከረም ላይ ቢጀምረው ይሻላል፤ ቀኑ ሲደርስ ቢሯሯጥ አይሳካለትም።

ገንዘቡ

የትምህርት ክፍያው እንደየመስኩ ይለያያል። ብዙውን ጊዜ በዓመት ከ80,000 እስከ 140,000 ክሮኖር ይደርሳል፤ ቤተ ሙከራ የሚበዛባቸውና የጥበብ መስኮች ከዚህም ይበልጣሉ። ይህን ከኪስ መክፈል ለአብዛኛው ሰው ስለማይቻል ብዙዎች ተስፋቸውን የሚጥሉት በስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ ላይ ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርቱን ክፍያና የወር መተዳደሪያን ይሸፍናል። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ሆና ቆይታለች፤ ሆኖም ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። አመልካቹ ቢያንስ የ3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ሊኖረው ይገባል። ውድድሩ የሚካሄደው በየካቲት ነው፤ የሚሳተፉትም እስከ ጥር ለዩኒቨርሲቲ ያመለከቱ ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስኮላርሺፑ ሲወጣ አመለክታለሁ ብሎ ይጠብቃል፣ በሩ ግን ከወር በፊት ተዘግቷል።

ማስተርስ ላለው ሰው ሌላ መንገድ አለ። በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ የለበትም። አብዛኛው ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ተቀጥሮ ደሞዝ እየተከፈለው ይማራል፤ ቦታውም እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል።

የመኖሪያ ፈቃድ

የመግቢያው ውጤት መጋቢት አጋማሽ አካባቢ ይታወቃል፤ የስኮላርሺፑ ደግሞ ሚያዝያ ላይ። በራሱ የሚከፍል ተማሪ የመጀመሪያውን ክፍያ ካልፈጸመ ፈቃድ አያገኝም። በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ወር ከ10,000 ክሮኖር በላይ የሚሆን የመተዳደሪያ ገንዘብ በራሱ የባንክ ሒሳብ ማሳየት አለበት። ዘመድ “እኔ እረዳዋለሁ” ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ አይቆጠርም። የስኮላርሺፕ ማረጋገጫ ግን ይቆጠራል። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ስለሆነ ደላላ አያስፈልግም።

ከደረሱ በኋላ

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ቤት ነው። በስቶክሆልም፣ በኡፕሳላና በሉንድ የተማሪ መኖሪያ በወረፋ ነው፤ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለሚከፍሉ ተማሪዎች ቤት ያመቻቻሉ። የመግቢያው ደብዳቤ እንደደረሰ በዚያው ቀን መመዝገብ ያዋጣል።

የመማሪያው መንገድም ይለያል። አንድ ኮርስ ተጀምሮ ሳያልቅ ሌላው ላይጀመር ይችላል፤ የሴሚስተሩ ሙሉ ጭነት 30 ክሬዲት ነው። ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት ጥቂት፣ ለብቻና በቡድን የሚሠራው ብዙ ነው። ፕሮፌሰሩ በስሙ ይጠራል፤ ሐሳቡን መሞገትም እንደ ድፍረት አይታይም። ፈተና የወደቀ ሰው ደግሞ መፈተን ይችላል። ነገር ግን ፈቃዱ ሲታደስ የተገኘው ክሬዲት ስለሚታይ መዘናጋት ዋጋ ያስከፍላል። የጨረሰ ተማሪ ሥራ የሚፈልግበት እስከ 12 ወር የሚደርስ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ዘንድሮ መጀመር ያለበት ከሰነዶቹና ከእንግሊዝኛው ፈተና ነው። ሁለቱ ቀድመው ካለቁ የቀረውን በየወሩ ተራ በተራ መጨረስ ይቻላል።